ጭርት ያልሆነው ቅርፊት

የዋግ ኽምራ ወላጆች፣ የልጃችሁ ክርን፣ ጉልበት ወይም ራስ ላይ ወፈር ያለ፣ ነጭ ቅርፊት የሚያነሳ ነገር ከወጣ ሁሉም ጭርት አይደለም። ሶሪያሲስ ሊሆን ይችላል። የሰውነት መከላከያ ከልክ በላይ ሲነቃ፣ በወር ገደማ ይታደስ የነበረው ቆዳ በጥቂት ቀናት እየተተካ ይደራረባል። አንዳንድ ልጅ ላይ ጉሮሮውን በታመመ በሁለት ሦስት ሳምንቱ እንደ ጠብታ ነጠብጥቦ ይወጣል።

እርግማን አይደለም፤ አብሮ በመተኛትም፣ ከአንድ ገበታ በመብላትም አይጋባም። እባካችሁ በድንጋይ አትፈግፍጉት፤ በተላጠው ቦታ አዲስ ይወጣል። ታጥቦ ቆዳው ሳይደርቅ ቫዝሊን ቀቡት፤ የደጋው ደረቅ ብርድ ያባብሰዋልና። ሰቆጣ ተፈራ ኃይሉ ሆስፒታል ወስዳችሁ አሳዩት። ሐኪም የሚያዘው ቅባት መጠንና ቀን ስላለው ከጎረቤት አትዋሱ። ልጁንም ከትምህርት ቤት አታስቀሩት።