ኪኒን ቢመሳሰልም ሥራው አይመሳሰልም

(የማኅበሩ ጸሐፊ በሓድነት ለሰፈራችን ነዋሪዎች ያሰማው ንግግር)



ዛሬ የማነሣው ስለሚዋጥ መድኃኒት ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት መድኃኒት እንዴት እንደጠፋ ሁላችንም እናውቃለን። ዓይደር ሆስፒታል እንኳ ለበሽተኛ የሚሰጠው ያጣበት ጊዜ ነበር። ያን ጊዜ ጎረቤት ከጎረቤቱ የተረፈችውን ኪኒን ተካፍሎ ነው ያለፈው። ደግ ሥራ ነበር። ልማዱ ግን ዛሬም አልለቀቀንም። ስሙ የማይታወቅ ከኒና በወረቀት ጠቅልሎ «ለእኔ ሠርቶልኛል፣ ዋጠው» ማለት አለ። ይሄ መቅረት አለበት።

ኪኒን ማለት በማሽን ተጨምቆ የጠነከረ ዱቄት ነው። ካፕሱል ደግሞ ዱቄቱ ወይም ጥቃቅኑ ፍሬ በልባስ ውስጥ የገባ ነው። ልባሱ ጨጓራ ውስጥ ይሟሟል። ታዲያ ሁሉም አንድ አይደለም። ኦሜፕራዞልን የጨጓራ አሲድ ያበላሸዋል፤ ስለዚህ አንጀት ደርሶ እንዲፈታ ተሸፍኖ ነው የሚሠራው። ፍሬውን የሚያደቅ ሰው መድኃኒቱን ከጥቅም ውጭ አደረገው ማለት ነው። ቀስ እያለ እንዲሠራ የተዘጋጀ የደም ግፊት ኪኒንም ቢፈጭ፣ የቀኑ መጠን ባንዴ ይለቀቅና ግፊቱን ከልክ በላይ ይጥለዋል። ለሕፃናት ተቅማጥ የሚታዘዘው ዚንክ ግን በማንኪያ ውሃ ሟሙቶ እንዲሰጥ የተሠራ ነው። እንግዲህ መስበርም ሆነ መክፈት ባለሙያ ሳይጠየቅ አይሆንም።

አዋዋጡም ሥርዓት አለው። ዶክሲሳይክሊን ያለ በቂ ውሃ ውጦ ወዲያው የሚተኛ ሰው መድኃኒቱ ጉሮሮው ላይ ተጣብቆ ሊያቆስለው ይችላል። ቁጭ ብሎ፣ በብርጭቆ ሙሉ ውሃ ነው የሚዋጠው።

ደግሞም የታዘዘው ይጨረስ። የወባው ኮአርተም ለአዋቂ ሰው 24 ፍሬ ነው፤ በ3 ቀን ውስጥ 6 ጊዜ አራት አራት እየተዋጠ ያልቃል። ትኩሳቱ ለቀቀኝ ብሎ በሁለተኛው ቀን የሚያቆም ሰው ወባው ሊያገረሽበት ይችላል። የሚጾምም ሰው ሰዓቱን በራሱ አያዛውር፤ ለሐኪሙ ይንገር እንጂ።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ እያንዳንዳችን ቤታችንን እንፈትሽ። ስሙና የሚያበቃበት ጊዜ የማይነበብ ኪኒን ካለ ለማንም አንስጥ፤ መድኃኒት ቤት ወስደን እናሳይ። ከልጆችም እናርቅ። ለጎረቤት ማሰባችንን አንተው፤ ግን ኪኒን ከማካፈል ይልቅ የታመመውን ደግፈን ጤና ጣቢያ እናድርስ።