የወለቀ ጥርስ ሲመለስ ድዱና ጅማቱ እንዴት ይድናል?

(በእሁድ ስብሰባችን ላይ አንዲት እህታችን ያደረገችው ንግግር። ከድምፅ ቅጂ የተጻፈ።)

ከጁኒዬም ከሰይዳም እሁዳችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ፈቃድ ያላገኙት ደግሞ በጽሑፍ ያነቡታል ተብያለሁና ቀስ ብዬ እናገራለሁ።

እኔ ሀኪም አይደለሁም። ስለ ጥርስ ተናገሪ የተባልኩት አንድ ጥርስ ስለጠፋብኝና አንድ ጥርስ ስላዳንኩ ነው። ይሄ ፊት ለፊት የምታዩት ጥርስ የእኔ አይደለም፣ ማታ ማታ ወልቆ ብርጭቆ ውስጥ የሚያድር ነው። አትሳቁ!

ቤሩት በገባሁ በሦስተኛው ዓመት ነው። የመታጠቢያ ቤቱን ወለል በሳሙና ሳጥብ አዳለጠኝና አፌ ከባኞው ጠርዝ ጋር ተጋጨ። ስነሳ ጥርሴ ከነሥሩ መሬት ላይ ነው። ማዳሜ ቤት አልነበረችም። ደሙን በጨርቅ ያዝኩ፣ ጥርሱን በቧንቧ ውሃ ፈትጌ አጠብኩ፣ በሶፍት ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩና ሥራዬን ቀጠልኩ። ለምን ብትሉኝ፣ “ጥርሷ የወለቀ ሠራተኛ አንፈልግም ብለው ወደ ቢሮ ይመልሱኛል” ብዬ ፈራሁ። ሀኪም ጋ የደረስኩት ከአምስት ሰዓት በኋላ ነው።

ሀኪሙ ጥርሱን ከሶፍቱ አውጥቶ ሲያየው ራሱን ነቀነቀ። ቢሆንም መልሶ ተከለልኝ። “ይቀመጥልሻል፣ ለዕድሜ ልክ ግን አይደለም። ጅማቱ ሞቷል” አለኝ። ያኔ አልገባኝም። ጥርስ ደግሞ ምን ጅማት አለው?

አለው እህቶቼ። ጥርስ አጥንት ውስጥ እንደ ሚስማር የተመታ ነገር አይደለም። በሥሩና በአጥንቱ መካከል የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ ያህል ቦታ አለ። እዚያ ውስጥ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ክሮች ጥርሱን ከአጥንቱ ጋር አስረው ይይዙታል። ጠንካራ ነገር ስንነክስ ጥርሱ ትንሽ ዝቅ ብሎ የሚመለሰው ለዚህ ነው። ጥርስ ሲወልቅ እነዚህ ክሮች በአብዛኛው መሀል ለመሀል ይበጠሳሉ። ግማሹ አጥንቱ ላይ ይቀራል፣ ግማሹ ከጥርሱ ሥር ጋር ይወጣል። ሥሩ ላይ የቀረው ሕይወት ያለው ሥጋ ነው። እኔ ቧንቧ ሥር ይዤ የፈተግኩት እሱን ነው። የተረፈውን ደግሞ ሶፍቱ አደረቀው።

ሕይወቱ ሳያልፍ ከተመለሰ ግን የሚሆነው ነገር ይገርማል። መጀመሪያ ቦታውን ደም ይሞላውና ይረጋል። በቀናት ውስጥ በረጋው ደም በኩል አዳዲስ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይገባሉ። አዳዲስ ክሮችም መሸመን ይጀምራሉ። ቀድሞ የሚድነው ድዱ ነው፤ በአንድ ሳምንት ገደማ የጥርሱን አንገት ዙሪያውን እንደገና ይዞ ይዘጋል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም የአፍ ቆሻሻና ጀርም ወደ ታች እንዳይወርድ በሩን የሚዘጋው ድዱ ነው። ከታች ያሉት የተበጠሱ ክሮች ደግሞ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጫፍና ጫፋቸው ይገናኛል፣ የቀድሞ ጉልበታቸውንም ግማሽ ያህል ያገኛሉ። የቀረው ወራት ይፈጃል።

ሀኪም ጥርሱን ከጎረቤቶቹ ጋር በቀጭን ሽቦ አስሮ በሁለት ሳምንት የሚፈታው ለዚህ ነው። (የያዘው አጥንት አብሮ ከተሰበረ አራት ሳምንት ይቆያል።) ሽቦው ቀጭንና ተለጣጭ የሆነው ሀኪሙ ቆጥቦብን አይደለም። ጥርሱ ትንሽ ትንሽ መነቃነቅ አለበት። ጭራሽ እንዳይንቀሳቀስ ድርቅ ተደርጎ ቢታሰርና ብዙ ቢቆይ አጥንቱ ከጥርሱ ጋር ይጣበቃል።

የእኔ ጥርስ የተጣበቀው ግን ጅማቱ ስለሞተ ነው። መሀል ላይ የሚለያቸው ሕያው ጅማት ሲጠፋ አጥንቱ ጥርሱን የራሱ አካል አድርጎ ይቆጥረዋል። አጥንት ደግሞ ሁልጊዜ አሮጌውን እያፈረሰ አዲስ የሚሠራ ነገር ነው። ስለዚህ የጥርሱንም ሥር ቀስ እያለ ያፈርሰውና በቦታው አጥንት ይሠራበታል። ሕመም የለውም፤ የሚያታልለውም ይሄ ነው። እኔማ ከሌሎቹ ጥርሶቼ ሁሉ የጠነከረ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር! ሀኪሙ በመሣሪያ ኳ ኳ ሲያደርገው እንደ ብረት ይጮህ ነበር። በራጅ ደግሞ በጤነኛ ጥርስ ሥር ዙሪያ የምትታየው ቀጭን ጥቁር መስመር በእኔው ላይ ጠፍታለች። በአራተኛው ዓመት ዳቦ ስገምጥ ከድዱ ሥር ተሰበረ።

እንዲያም ሆኖ ሀኪሙ መልሶ መትከሉ ልክ ነበር። አራት ዓመት በራሴ ጥርስ ስቄያለሁ፣ አጥንቴም ሳይጎድል ቆየ። ስለዚህ ቢዘገይባችሁም ጥርሱን አትጣሉት፣ ይዛችሁ ሂዱ።

ዴንማርካዊው ሀኪም የንስ አንድሪያሰን ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጣው ጥናት 110 ተመልሰው የተተከሉ ጥርሶችን ተከታትሎ ነበር። በ30 ደቂቃ ውስጥ ከተመለሱት 90 በመቶው ሥራቸው ሳይበላ ተገኘ። ከ2 ሰዓት በላይ የቆዩት ግን 95 በመቶ ያህሉ ተበሉ። እኔ አምስት ሰዓት ቆይቼ ነው የሄድኩት፣ እንግዲህ ቁጠሩት።

አሁን ስለ ልጁ ልንገራችሁ። ሁለተኛው ቤት የማሳድገው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረ። አንድ ቀን ከብስክሌት ወድቆ የላይኛው የፊት ጥርሱ ወለቀ። ነጩን ጫፍ ይዤ አነሳሁት፣ ሥሩን አልነካሁም። እዚያው ቦታው ልመልስለት ሞከርኩ፤ ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው፣ መልሶ ንጹሕ ጨርቅ ማስነከስ። ልጁ ግን እያለቀሰ አላስጠጋ አለኝ። ሮጬ ከፍሪጅ ወተት አወጣሁና በቡና ሲኒ ወተት ውስጥ ከተትኩት። ወተት ስላችሁ እዚህ አገር ሀሊብ የሚሉትን ነው፣ ለበን የሚሉት እርጎ ነው፣ አትሳሳቱ። ወተት ከሌለ የሰውዬው የራሱ ምራቅ ይሻላል፣ ትንሽ ነገር ላይ እንትፍ አስብሎ እዚያ ውስጥ ማድረግ። ውሃ ውስጥ ግን አይቆይ፣ ውሃ ሴሎቹን አሳብጦ ያፈነዳቸዋል። ቆሻሻ ከነካው በወተት ወይም በምራቅ ለቅለቅ ብቻ። እኛ ደግሞ ሁሉን ነገር በሳሙናና በጃቬል መፈተግ ለምደናል፤ ይሄ እንደ ወለል አይደለም፣ አደራ።

ማዳሜ ስትሰማ “ወተቱ ለምንድን ነው?” ብላ ጮኸችብኝ። “ሀኪም ስናን፣ አሁኑኑ” ብቻ አልኳት። በአርባ ደቂቃ ውስጥ ደረስን። ሀኪሙ ሲኒውን አይቶ “ይሄን ማን ነገራችሁ?” አለ። እሷ ወደ እኔ አመለከተች።

ለልጁ ሽቦ ሁለት ሳምንት፣ ለስላሳ ምግብ፣ ለስላሳ ብሩሽና በቀን ሁለት ጊዜ የአፍ ማጠቢያ ታዘዘለት። አንቲባዮቲክም ተሰጠው፣ የቴታነስ ክትባቱም ተጠየቀ። ድዱ ደህና የሚዘጋው ንጹሕ ከሆነ ነው፣ ያመዋል ብዬ መቦረሹን አልተውኩም። የልጁ ሥር ጫፉ ገና ስላልተዘጋ የውስጡ ነርቭና የደም ሥር ተመልሶ ሊያድግ ይችላል ብሎ ሀኪሙ መከታተል መረጠ። እንደ እኛ ሥሩ ያለቀለት ትልቅ ሰው ከሆነ ግን የውስጡ ነርቭ ይሞታል፣ ስለዚህ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሥር ሕክምና መጀመር አለበት። “አላመመኝም” ብላችሁ አትቅሩ። የሞተው ነርቭ ጀርም ሲይዝ ሥሩን በወራት ውስጥ ይበላዋል። የእኔ ዓይነቱ ዓመታት ይፈጃል፣ ይሄኛው ግን ፈጣን ነው። መልካሙ ነገር ሕክምናው ይከላከለዋል።

ከጥያቄዎቻችሁ ሁለቱን ልመልስ። የሦስት ወይም የአራት ዓመት ሕፃን ጥርስ ቢወልቅስ ላላችሁት፣ የወተት ጥርስ አይመለስም፤ ከሥር የሚበቅለውን ትልቁን ጥርስ ይጎዳል። እሱን እንደ አገራችን ጣራ ላይ ወርውሩት። ሀኪም ግን ይየው። ሁለተኛው፣ ጥርሱ የወለቀው ሰው ራሱን ከሳተ ወይም ካስመለሰው ጥርሱን ተዉትና መጀመሪያ ሆስፒታል። ሊባኖስ ውስጥ ያላችሁ 140 ብትደውሉ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በነፃ ይመጣል።

አንዷ እህቴ ደግሞ ቀስ ብላ የጠየቀችኝ አለ። በሰው እጅ ተመትቶ የወለቀ ከሆነም ሕክምናው ያው ነው። ሀኪሙ ያየውን እንዲጽፍ ጠይቁት፣ ወረቀቱንም ፎቶ አንስታችሁ ለምታምኗት ጓደኛ ላኩ። ገንዘብ የሌላት ሳትዘገይ ለኮሚቴው ትደውል፣ የእርዳታ ሳጥናችን ለዚህ ነው የተቀመጠው።

ልጁ አሁን አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ሀኪሙ በየዓመቱ ያየዋል፣ ምክንያቱም የሚያድግ ልጅ ጥርስ ከአጥንቱ ከተጣበቀ መንጋጋው ሲያድግ ጥርሱ ዝቅ ብሎ ይቀራል። ባለፈው ወር አብሬው ሄጄ ነበር። ኳ ኳ ሲያደርገው ድምፁ እንደ ጎረቤቶቹ ነው። ራጁንም አሳየኝ፣ ያቺ ቀጭን ጥቁር መስመር በሥሩ ዙሪያ ሙሉ በሙሉ አለች።