የዝሆኔ ሕመምና የቀበሌያችን ጤና ኬላ

(በመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ለተሰበሰቡ ገበሬዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ፊደል አንቆጥርም። ደብተራችሁን ግን ቤት አትመልሱት፤ ኋላ እንፈልገዋለን። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ እግር ነው።

መጀመሪያ ጥፋታችንን እንናገር። እዚህ እንደ መጣን ሰሞን ከተማሪዎቻችን አንድ አባት ሳምንት ይመጡና ሳምንት ይቀሩ ነበር። እኛም ወጣቶች ነንና ቸኮልን። «እኚህ ሰው ትምህርት ይጠላሉ» አልን፤ በሰው ፊትም ወቀስናቸው። እሳቸው «ወባ ይዞኝ ነው» ብለው ዝም አሉ። ሌላ ጊዜ ሲቀሩ ቤታቸው ድረስ ሄድን። መደብ ላይ ተኝተው፣ ጋቢ ደርበው ይንቀጠቀጣሉ። ግራ እግራቸው ከጉልበት በታች አብጧል። ቆዳው እንደ ዛፍ ቅርፊት ሻክሯል፤ ሲነኩት ይፋጃል። ወባ አልነበረም። ዝሆኔ ነው። ሕመሙ ሲነሣባቸው አራት አምስት ቀን ይጥላቸዋል፤ ሲተዋቸው ተነሥተው ያርሳሉ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብንላቸው «የበኩር ልጄ ሳይወለድ» አሉን። ልጁ አሁን ባለ ትዳር ነው።

ለምን ደበቁን? ይህን እናንተ ከእኛ ይበልጥ ታውቃላችሁ። ዝሆኔ ያለበት ሰው ድግስ ላይ ዳር ይዞ ይቀመጣል። ልጁን ሊያጭ የመጣ ሰው ወደ ኋላ ይላል። አንዱ «እባብ የሞተበትን ረግጦ ነው» ይላል፤ ሌላው «እርግማን ነው» ይላል። ሥጋ ደዌ የሚመስለውም አለ።

ነገሩ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ የተባሉ የእንግሊዝ አገር ሐኪም በአገራችን ሲሠሩ፣ ይህ በሽታ ከቀይ አፈር ጋር እንደሚሄድ አሳዩ። ከጥንት እሳተ ገሞራ የመጣው ቀይ አፈራችን ውስጥ ዓይን የማያየው ደቃቅ ብናኝ አለ። ለዓመታት በባዶ እግር ስንሄድ ብናኙ በቆዳ በኩል ይገባል። በእግራችን ውስጥ ደግሞ ከደም ሥር ሌላ፣ ትርፍ ፈሳሽን ወደ ላይ የሚመልሱ ቀጫጭን ቧንቧዎች አሉ። ቦይ በሏቸው። የመስኖ ቦይ ደለል ሲሞላው ውሃው ምን ይሆናል? ማሳው ላይ ይተኛል። እግርም እንዲሁ ነው፤ ቦዩ ሲደፈን ፈሳሹ እዚያው ይቀርና እግሩ ያብጣል። ያበጠው ቆዳ ሲሰነጠቅ ጀርም ይገባበታል። ብዙ ጊዜ ሕመሙ የሚነሣው ያን ጊዜ ነው።

«ሁላችንም በባዶ እግር አድገን ለምን አንዱን ብቻ ይይዛል?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። አንዳንዱ ሰው በዘሩ ለብናኙ የተጋለጠ ነው፤ ስለዚህ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው ይገኛል። ከሰው ወደ ሰው ግን አይተላለፍም። አብሮ መብላትም ሆነ አብሮ መተኛት አያስይዝም። በቆላ በትንኝ የሚመጣ ሌላ ዝሆኔ አለ፤ የእኛ አገሩ እሱ አይደለም። ሥጋ ደዌም አይደለም። ሥጋ ደዌ እግርን ያደነዝዛል፤ ይህኛው አያደነዝዝም፤ ሕመሙ ሁሉ ይሰማል። በኢትዮጵያ ወደ 1.5 ሚሊዮን ሰው ይህ በሽታ እንዳለበት ተገምቷል።

እኚያ አባት አንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት ተጉዘው ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ሄደው ነበር። «ይህ መድኃኒት የለውም» ተብለው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ አልሄዱም። እግሩን እንደ ቀድሞው የሚያደርግ ኪኒን የለም፤ ይህ እውነት ነው። ሕመሙን የሚቀንስ ነገር ግን አለ። እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም በአነደድ ወረዳ ወደ 700 በሚጠጉ በሽተኞች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2010 ዓ.ም. ታውቋል። ግማሾቹ እንክብካቤውን ወዲያው ጀመሩ፤ ግማሾቹ ከዓመት በኋላ። ቀድመው የጀመሩት ሕመሙ የተነሣባቸው ከሌሎቹ ባነሰ ጊዜ ነው፤ ከአምስቱ አንዱ ያህል ቀረላቸው። አምስት ጊዜ የሚተኛ ሰው አራት ጊዜ ተኛ ማለት ነው። ትንሽ ይመስላል። በእርሻ ወራት አራት ቀን ማለት ምን እንደሆነ ግን ለእናንተ አንነግርም።

እንክብካቤው ከባድ አይደለም። እግርን በየቀኑ በውሃና በሳሙና ማጠብ። ከዚያ ጥቂት በረኪና በገባበት ውሃ መዘፍዘፍ፤ መጠኑን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ታሳያለች፣ በግምት አይጨመርም፤ ሲበዛ ያቃጥላል። በጣቶች መካከል ሳይቀር ማድረቅ። ቫዝሊን መቀባት። ሲቀመጡና ሲተኙ እግሩን ከፍ ማድረግ፣ ጣቶችንም ማንቀሳቀስ። ካልሲና ጫማ ማድረግ። ሕመሙ በተነሣ ቀን እግሩን ከፍ አድርጎ ማረፍ፣ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ማድረግ፣ ውሃ መጠጣት፣ የሕመም ማስታገሻ መውሰድ። ትኩሳቱ ከበረታ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ የግድ ነው። መብጣትና መተኮስ ግን አዲስ ቁስል ይከፍታል፤ ይቅር።

ታዲያ ይህን ሁሉ ማን ያስተምር? ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ወደ ቀበሌዎች ወርዷል። የእኛም ቀበሌ ጤና ኬላ አለው። ችግሩ ሌላ ነው። ሰውየው ሕመሙ በተነሣበት ቀን መሄድ አይችልም። መሄድ የሚችለው ሲሻለው ነው፤ ሲሻለው ደግሞ ማሳው ይጠራዋል። ስለዚህ ባለሙያዋ አታየውም፤ መዝገብ ላይም የለም። መዝገብ ላይ ለሌለ ሰው ሳሙናም ቫዝሊንም አይጠየቅለትም። ባለሙያዋን ስንጠይቃት መዝገቧ ላይ ሦስት ሰው ብቻ ነበር። በዚህ ጣቢያ ከሚማሩት ብቻ ዘጠኝ ሰው እናውቃለን! እሷም ደነገጠች። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ የተደበቀ እግር ማን ይቆጥራል?

እንግዲህ ደብተራችሁን አውጡ። የመጨረሻውን ገጽ በሁለት መስመር ከፍላችሁ ሦስት ረድፍ አድርጉት። በመጀመሪያው ረድፍ ሕመሙ የተነሣበትን ቀን፣ በሁለተኛው የተኛችሁትን ቀን ብዛት፣ በሦስተኛው የቀረባችሁን ሥራ ጻፉ። እኚያ አባት ጀምረዋል። ፈቅደውልን የጻፉትን እናንብብላችሁ፦ «ሰኔ 7። 4 ቀን። በሬዎቼን ጎረቤት አረሰባቸው።» ፊደሎቹ ትንሽ ተጣመዋል እንጂ ሁሉም ይነበባል። መጻፍ ለሚከብደው ልጁ ይጻፍለት። በየወሩ መጨረሻ ገጾቹን ሰብስበን ለጤና ኬላው እንሰጣለን፤ ባለሙያዋ ከሪፖርቷ ጋር ወደ ወረዳ ልትልከው ተስማምታለች። የምንጠይቀውም ሦስት ነገር ነው፤ በየአሥራ አምስት ቀን አንድ የእግር ቀን፣ የማይቋረጥ ሳሙናና ቫዝሊን፣ መራመድ ላልቻለ ሰው ቤቱ ድረስ የሚመጣ ባለሙያ።

የመጀመሪያው የእግር ቀን የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት እዚሁ ዛፍ ሥር ነው። ሳሙናውን ዕድሩ ችሏል። ሳፋና ንጹሕ ጨርቅ ይዛችሁ ኑ። ያበጠ እግር የሱቅ ጫማ አይገባውምና ጫማ ሰፊው መጥቶ ይለካል። ልጆቻችሁንም አምጧቸው፤ የእግራቸው ፊት የሚያሳክካቸውና የሚያቃጥላቸው ካሉ ቀድመው ይታዩ። ቤት የተኛ ጎረቤት ያለው ሰው ዛሬ ስንበተን ይንገረን፤ ሳፋውን ተሸክመን እኛ እንሄዳለን።