ከታክሲ ጥቅስ ማሽን የወጣ ሰርኪት ቦርድ

(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ዕለት የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ሥራሽ ተናገሪ» ሲሉኝ ስለ እናቶች ጤና እንደማወራ ገምተው ነበር። እሱን ነው የማወራው፤ ብቻ መንገዱ በስቲከር ቤት በኩል ያልፋል።

ሚኒባስ ታክሲ ላይ የሚለጠፉትን ጥቅሶች ታውቋቸዋላችሁ። ተማሪ ሳለን እነሱን እያነበብን ስንስቅ አይደል ወደ ዋርድ የምንገባው? እነዚያን ፊደሎች የሚቆርጠው ማሽን ከተር ይባላል። መልኩ ፕሪንተር ይመስላል፤ በቀለም ፋንታ ግን የእስክሪብቶ ጫፍ የምታህል ምላጭ አለችው። ምላጯ ኮምፒውተር ላይ የተሳለውን መስመር ተከትላ ስቲከሩን ትቆርጣለች፣ ከሥር ያለውን ወረቀት ትተዋለች። በዚህ ማሽን የኤሌክትሮኒክስ ሰርኪት ቦርድ ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል። እኔ፣ የሆስፒታላችን የባዮሜዲካል ቴክኒሺያን እና ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ የሚማረው የእህቴ ልጅ ሆነን ቅዳሜ ከሰዓት እየተገናኘን ስንሠራው ቆይተናል።

«የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ከዚህ ጋር ምን አገናኛት?» የምትሉ አትጠፉም። ባለቤቴም ብሎኛል። መልሱ ኦክሲቶሲን ነው።

እናት እንደወለደች ደም እንዳይፈሳት 10 ዩኒት የምንሰጣትን መድኃኒት የምናስቀምጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ ነው። ሙቀት ሲያገኘው ኃይሉ ይቀንሳል። ችግሩ ሲበላሽ አያሳይም፤ አይደፈርስም፣ አይሸትም፣ ቀለም አይቀይርም። የክትባቱ ፍሪጅ ብዙ ጊዜ የራሱ ተቆጣጣሪ አለው፤ የማዋለጃ ክፍሉ ፍሪጅ ግን እቤታችሁ ያለው ዓይነት ተራ ፍሪጅ ነው። ሌሊት መብራት ይሄዳል፣ ሊነጋጋ ሲል ይመጣል፤ ጠዋት ሲስተር ከፍታ ስታየው ቴርሞሜትሩ 5 ዲግሪ ይላታል፣ እሷም 5 ብላ ትመዘግባለች። ሌሊቱን የት ደርሶ እንደተመለሰ የሚናገር የለም። ከዚያ አንዲት እናት ትደማለች፣ መድኃኒቱን እንሰጣለን፣ ማህፀኑ አልጠብቅ ይላል። ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ ከምክንያቶቹ አንዱ የፍሪጁ በር ጀርባ ተቀምጦ እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም።

ስለዚህ የፈለግነው አንድ የሚጮህ ነገር ነበር። ከ8 ሲያልፍ የሚጮህ፣ ከ2 ሲወርድም የሚጮህ፣ መብራት ሲሄድ አብሮ የማይተኛ። ግዢ ይጠየቅ ብንል ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ እዚህ ላለ ሰው አላስረዳም።

ሰርኪቱ ቀላል ነው። ሙቀት ሲቀንስ የኤሌክትሪክ መከላከል አቅሟ የሚጨምር ቴርሚስተር የምትባል ፍሬ አለች፤ የተለመደችዋ በ25 ዲግሪ 10 ሺህ ኦም ናት፣ 2 ዲግሪ አካባቢ ወደ 30 ሺህ ትጠጋለች። ኤልኤም393 የሚባል ባለ 8 እግር ቺፕ ደግሞ በሆዱ ሁለት አነጻጻሪ ይዟል፤ አንዱ ላይኛውን ወሰን ይጠብቃል፣ ሌላው ታችኛውን። ከሁለቱ አንዱ ከተጣሰ ደወሉ ይጮኻል። ኃይሉን ከተራ የስልክ ቻርጀር በ5 ቮልት ይወስዳል፤ መብራት ሲሄድ ሦስት ትንንሽ ባትሪዎች ይረከባሉ። ቴርሚስተሯን አየር ላይ ብናንጠለጥላት በር በተከፈተ ቁጥር ስለምትጮህ፣ ግሊሰሪን የተሞላ ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ ነከርናት። አሁን የምትለካው የአየሩን ሳይሆን ብልቃጡ ውስጥ ያለውን ነው፤ እኛም ማወቅ የምንፈልገው እሱኑ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያገናኘው ቦርድ ነው ወደ ስቲከር ቤት የወሰደን። ለውጭ ፋብሪካ ማዘዝ ይቻላል፤ ለአምስት ቦርድ ግን ዶላሩ፣ ጉምሩኩ፣ ጥበቃው አያዋጣም።

ኪካድ በሚባል ነጻ ሶፍትዌር መስመሮቹን ሣልን፣ በፍላሽ ይዘን ሄድን። የስቲከር ቤቱ ልጅ ስክሪኑን አየና «ዶክተር፣ ይሄ ደግሞ የየት አገር ፊደል ነው?» አለኝ። ከእሱ የተማርነው ግን ከማንኛውም መመሪያ ይበልጣል። «ሹል ጥግ አይስጡኝ፣ ክብ ያድርጉት» አለ። የምላጯ ጫፍ ከእጀታዋ መሃል ሩብ ሚሊሜትር ያህል ወጣ ያለ ስለሆነ ጥግ ላይ ስትዞር ስቲከሩን ትጎትተዋለች። መስመሮቹን ወደ 1 ሚሊሜትር አሰፋናቸው፣ በመካከላቸውም ያን ያህል ክፍተት ተውን። ከዚያ የቀጠነው ትርፉን ስንለቅም አብሮ ይነሳል። ፍጥነቱንም ዝቅ አደረገልን።

የምላጯ ጥልቀት ላይ ስንደርስ ግን እኔ ነኝ የገባኝ። ቄሳሪያን ስንሠራ ማህፀኑን እንከፍታለን እንጂ ሕፃኑን አንነካም አይደል? ይህም ያው ነው፤ ስቲከሩ እስከ መጨረሻው መቆረጥ አለበት፣ ወረቀቱ ግን ጭረት ብቻ ነው የሚታይበት። ሁልጊዜ መጀመሪያ አንዲት ትንሽ ካሬ ይቆረጥና በወረንጦ ተነስታ ትታያለች።

አንድ ነገር ሠሪዎች ያስታውሱ። ፍሬዎቹ በላይ ሆነው እግራቸው በታች በመዳቡ በኩል የሚበየድ ከሆነ፣ ሥዕሉ ከመቆረጡ በፊት እንደ መስታወት መገልበጥ አለበት። በካውያ ከወረቀት ወደ መዳብ የሚተላለፈው የድሮው ዘዴ ሲተላለፍ በራሱ ይገለብጣል፤ ስቲከር ግን ፊቱን እንደያዘ ነው የሚለጠፈው።

ከተቆረጠ በኋላ መዳብ መቅረት የሌለበትን ቦታ ሁሉ ስቲከሩን በወረንጦ እንለቅማለን። ለዚህ ሥራ ከሐኪም እጅ የሚሻል የለም፤ የእህቴ ልጅ እንኳን አምኖልኛል። የቀረውን በወረቀት ፕላስተር አንስተን ቦርዱ ላይ እናሸጋግረዋለን። ቦርዱ ከፋይበር ግላስ ላይ 35 ማይክሮን ውፍረት ያለው መዳብ የተለጠፈበት ነው። ቀድሞ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፣ በአልኮል ይጠረጋል፣ ከዚያ በኋላ በጣት አይነካም፤ የጣት ቅባት ካለበት መዳቡ በእኩል አይበላም። ስቲከሩ ጠርዝ ጠርዙን በደንብ ተጫኑት።

ቀጥሎ ፌሪክ ክሎራይድ ውስጥ ይገባል። ስቲከር ያልሸፈነውን መዳብ ኬሚካሉ እየበላ ያሟሟዋል፤ ብረቱ አንድ ኤሌክትሮን ይቀበላል፣ መዳቡ ይሰጣል። የኬሚስትሪ መምህራችን እዚህ ካሉ ደስ እንደሚላቸው አውቃለሁ። ለብ ያለ ከሆነ ከሩብ እስከ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል፤ ዕቃው ፕላስቲክ ወይም ብርጭቆ ይሁን፣ ብረት በፍጹም። ጓንትና መነጽር ግድ ነው። ልብስ ላይ ከፈሰሰ አይለቅም። ያገለገለው ፈሳሽ መዳብ ስለያዘ ሲንክ ውስጥ አይደፋም፤ እኛ በጀሪካን ሰብስበን ከሆስፒታሉ የላብራቶሪ ኬሚካል ቆሻሻ ጋር ነው የምናስወግደው። ከዚህ በኋላ ስቲከሩ ይላጣል፣ በ0.8 ሚሊሜትር ይበሳል፣ ይበየዳል። ሲበሳ የፋይበሩ ብናኝ ለሳንባ ደግ አይደለምና ማስክ አድርጉ።

ኬሚካል ለማይፈልግ ሌላ መንገድ አለ፤ ሙጫ ያለውን የመዳብ ወረቀት ራሱን በከተሩ ቆርጦ መለጠፍ። በብዙ አገር ያሉ ፋብ ላቦች ለተማሪ እንዲህ ያስተምራሉ። ያምራል፣ ይታጠፋል፤ መበየጃው ሲቆይበት ግን ሙጫው ይለቅና መስመሩ ይነሳል። ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ዓመት የሚቆይ ነገር በሱ አልሠራም።

አሁን ሌሊት እንቅልፍ ወደሚነሳኝ ክፍል ልምጣ። ወሬው ሲሰማ፣ በሌላ ከተማ ሆስፒታል የሚሠራ የክፍላችን ልጅ ደወለልኝ። «አንቺ፣ ቦርድ ትሠሪያለሽ አሉ። ኢንኩቤተራችን ሞቷል፣ ቦርዱን ልላክልሽና አምሳያውን ሥሪልኝ።» አይሆንም አልኩት። «ታዲያ ልጁ ይብረደው?» አለኝ። ፍርደ ገምድል ጥያቄ አይደለም፤ እናንተም ብትሆኑ ትጠይቁኛላችሁ።

እኛ የምንሠራው ቦርድ ከታካሚ አካል ጋር አይገናኝም፣ የታካሚን ሕይወት የያዘ ማሽን ውስጥም አይገባም። 220 ቮልትም አይደርስበትም፤ ለዚህ ነው የተሠራ ቻርጀር ገዝተን በ5 ቮልት የምንቆመው። የሕክምና መሣሪያዎች መመዘኛ የሆነው አይኢሲ 60601 ከልብ ጋር በቀጥታ ለሚገናኝ ክፍል በደህናው ጊዜ የሚፈቅደው ወደ ታካሚ የሚያፈስ ከረንት 10 ማይክሮአምፔር ብቻ ነው። በመብራቱ መስመርና በታካሚው ወገን መካከል በቦርዱ ገጽ ላይ 8 ሚሊሜትር ርቀት ይጠይቃል። የኛ ስቲከር ጥግ ላይ ትንሽ ተነስቶ የፀጉር ያህል መዳብ ትርፍ ቢተውስ? ፍሪጅ ላይ ከሆነ ደወሉ ያለ ቦታው ይጮኻል፣ ሲስተር ትሳደባለች፣ እንጠግነዋለን። ኢንኩቤተር ውስጥ ከሆነ ማሞቂያው ሳይጠፋ ሊቀር ይችላል። ሕፃኑ ደግሞ ሞቀኝ አይልም።

ለ«ይብረደው ወይ» ግን መልስ አለኝ። በ1978 ቦጎታ ላይ ሬይ እና ማርቲኔዝ የተባሉ ሐኪሞች ኢንኩቤተር ሲያጥራቸው ያለጊዜያቸው የተወለዱትን እናቶቻቸው ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ አስተኟቸው። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ይህን የካንጋሮ እንክብካቤ ከተወለዱ ጀምሮ ይመክራል። ጓደኛዬ ይህን ከኔ በላይ ያውቃል፤ ክፍሉ ውስጥ ሲያደርገውም ነበር። ለሁሉም ሕፃን እንደማይበቃም ያውቃል። በዚህ ላይ እስካሁን አልተስማማንም።

የሠራንለት ሌላ ነገር ነው። ኢንኩቤተሩ የሚጠቀመው የሙቀት ሴንሰር 400 ሲሪየስ የሚባለው የተለመደው ዓይነት ነበር፤ በ25 ዲግሪ 2252 ኦም፣ በ37 ዲግሪ 1355 ኦም። እነዚህን ቁጥሮች የሚያስመስሉ ሬዚስተሮች ያሉበት፣ የብስኩት ያህል መፈተሻ ቦርድ ቆርጠን ላክንለት። የእነሱ ቴክኒሺያን ማሽኑን ባዶውን አስነስቶ በሴንሰሩ ምትክ ሰካው። ማሽኑ 25 አለ፤ ቀየረው፣ 37 አለ። ሞተ የተባለው ቦርድ ደህና ነበር! የተበጠሰው የሴንሰሩ ገመድ ነው። ትክክለኛው ሴንሰር ታዘዘ፣ ቴክኒሺያኑ ገጠመው፣ አስፈትሾ ሥራ አስጀመረው። ጓደኛዬ ዛሬ ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ምሳ ላይ የሱን ወገን ጠይቁት።

ማኅበራችን ዘንድሮ ለትምህርት ቤታችን ምን ይስጥ እየተባለ ነው፤ ሌላ ፕሮጀክተር የሚል ሐሳብ ሰምቻለሁ። የኔ ሐሳብ አንድ የሥራ ጠረጴዛ ነው፤ ትንሽ ከተር፣ ሁለት መበየጃ፣ መልቲሜትር፣ መስኮት ያለው ክፍል። የሕክምና እና የባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ተማሪዎች አብረው የሚቀመጡበት። እኛ ስንማር ማሽን ማለት ቁልፉን መጫን ነበር፤ ሲሞት መጋዘን ይገባል፣ ዓመት ዓመቱን አቧራ ይቆጥራል። ቦርድ ቆርጦ፣ ለቅሞ፣ በይዶ የሚያውቅ ሐኪም «ማሽኑ አይሠራም» ብሎ አይጽፍም፤ «ሴንሰሩ አያነብም» ብሎ ይጽፋል፣ ቴክኒሺያኑም ከዚያ ይነሳል። መምህሮቻችን የሚፈሩትንም ተረድቻለሁ፤ ተማሪ ይደፍርና የቤት ቦርዱን ታካሚ ላይ ይሰካል። እኔም እፈራለሁ። ለዚህ ነው ጠረጴዛውን ማን እንደሚቆጣጠር፣ ምን እንደማይሠራበት በጽሑፍ ሳይወሰን ገንዘቡ እንዳይወጣ የምጠይቀው። ከሰዓት በኋላ ባለው ስብሰባ ላይ ይህ ይነሳ።

የፍሪጁ ደወልና የመፈተሻው ቦርድ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ብልቃጡን በእጃችሁ ጨበጥ አድርጉትና ጠብቁ፤ ሲጮህ አትደንግጡ። ፋይሎቹን የምትፈልጉ ፍላሽ ይዛችሁ ኑ። ለቁራጭ ስትሄዱ ደግሞ ምላጩ አዲስ መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የደነዘዘ ከሆነ ቀጫጭኖቹን መስመሮች ሁሉ ይጎትታቸዋል።