ለጋ ፕሮግራም ዋስ ያሻዋል



የምናገረው በየዕለቱ ስለምንወስነው፣ ብዙ ጊዜ ግን ሳንመክርበት ስለምናልፈው ጉዳይ ነው። ይኸውም ገና በጅምር ላይ ያሉ የክፍት ምንጭ ፕሮግራሞች፣ ብዙ ቡድኖች በአንድነት በሚሠሩበት የኮድ ማከማቻ ውስጥ በምን ሥርዓት መግባት እንደሚገባቸው ነው።

አንድ ባለሙያ ለግል ሥራው ለጋ ፕሮግራም ቢመርጥ ጥቅሙም ጉዳቱም የራሱ ነው። በጋራ ማከማቻ ግን እንዲህ አይደለም። ራቸል ፖትቪንና ጆሽ ሌቨንበርግ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳስረዱት፣ የጉግል ኩባንያ በጃንዋሪ 2015 ሁለት ቢሊዮን ያህል የኮድ መሥመር በአንድ ማከማቻ ይዞ ነበር። እንዲህ ባለው ሥፍራ የውጭ ጥቅል በአንድ ስሪት ብቻ እንዲገባ ይወሰናል፤ ሁለት ስሪቶች በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ሲገናኙ ሊጋጩ ይችላሉና። ስለዚህ አንዱ ቡድን የመረጠው ስሪት ለሁሉም ይሆናል። ጥቅሉን ያስገባው ባለሙያ ወደ ሌላ ሥራ ሲዛወርም ዕዳው ምንም ላልመረጡት ይቀራል። እህሉ በአንድ ጎተራ ከገባ ነቀዙም የጋራ ነው።

«ለጋ» ስንል ምን ማለታችን ነው? በሰፊው በሚሠራበት የስሪት አቆጣጠር ደንብ መሠረት፣ ቁጥሩ በዜሮ በሚጀምር ስሪት ውስጥ ማናቸውም ነገር በማናቸውም ጊዜ ሊለወጥ ይችላል። ይህንንም ደራሲው አስቀድሞ በቁጥሩ ያስታውቃል። ለምሳሌ ቴንሰርፍሎው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2015 ለሕዝብ ክፍት ሲሆን ቁጥሩ ከአንድ በታች ነበር። በፌብሩዋሪ 2017 ወደ 1.0 ሲሸጋገር የአንዳንድ ተግባሮች ግብዓት ቅደም ተከተል ተገላበጠ፤ የቀድሞውን ኮድ የሚያስተካክል መሣሪያም አብሮ ቀረበ። ተግባሮቹን በአንድ ቦታ ሰብስቦ ለተጠቀመ ሰው ሥራው ቀላል ነው፤ በሺህ ፋይሎች ለበተነ ግን ከባድ ድካም ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. ማርች 22 ቀን 2016፣ «ሌፍት ፓድ» የተባለውን 11 መሥመር ብቻ ያለውን የጃቫስክሪፕት ጥቅል ደራሲው ኤንፒኤም ከተባለው ማከፋፈያ አነሣው። በዚህም የብዙ ፕሮግራሞች ግንባታ ቆመ። ሌላ ሰው ያንኑ ተግባር የሚፈጽም ጥቅል በ1.0.0 ቁጥር ወዲያው ቢያወጣም፣ በመካከል ያለ ሌላ ጥቅል የሚጠይቀው 0.0.3ን ብቻ ስለነበር ችግሩ አልተፈታም። በመጨረሻ ማከፋፈያው የተነሣውን ስሪት ራሱ መለሰው። ስሪትን በቁጥር መወሰን ከድንገተኛ ለውጥ ይጠብቃል፤ ቅጂው በእጃችን ከሌለ ግን ቁጥሩ ብቻ አያድንም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በአገራችን ልማድ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው የሚታመነው በዋስ ነው። ለለጋ ፕሮግራምም ይኸው ይሠራል፤ ሐሳቤንም በአምስት ነጥብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ ጥቅል ሁለት ባለሙያዎች በስም ዋስ ይሁኑ፤ አንዱ ቢሄድ ሌላው ይቀራልና።

ሁለተኛ፣ የጥቅሉ ሙሉ ምንጭ ከነፈቃድ ሰነዱ በራሳችን ማከማቻ ይቀመጥ። የኢንተርኔት መሥመር ሲቋረጥም ሥራ አይቆምም።

ሦስተኛ፣ የቀረው ኮድ ጥቅሉን በአንድ በር ብቻ ይጥራ። ከበሩ በስተጀርባ ያለው ሲለወጥ የሚታረመው በሩ ብቻ ይሆናል፤ በበሩም ላይ የራሳችን ፍተሻ ይቁም።

አራተኛ፣ በጥቅሉ ላይ ያደረግነው እርማት ለደራሲዎቹ ይላክ። በእኛ ዘንድ ብቻ የቀረ እርማት አዲስ ስሪት በመጣ ቁጥር እንደገና ይሠራል።

አምስተኛ፣ ዋሶቹ በየስድስት ወሩ ቀርበው ጥቅሉ ይቀጥል ወይስ ይውጣ የሚለውን ያስረዱ።

ይህ ሥርዓት ሥራ ያዘገያል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እውነትም ያዘገያል። ከዚህም በላይ በእጃችን ያኖርነው ቅጂ የደኅንነት እርማት በራሱ አይደርሰውም፤ ዋሱ ካልተከታተለ ጠባቂ የሆነው ቅጂ ራሱ አደጋ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 የሎግ ፎር ጄ ጉድለት ይፋ ሲሆን፣ ብዙ ድርጅቶች በቅድሚያ መመለስ የነበረባቸው ጥያቄ ጥቅሉ የት የት እንዳለ ነበር። ዋስ ያለበት ማከማቻ ይህን በአንድ መዝገብ ይመልሳል።

ለጋውን ሁሉ በር ላይ እንመልስ የሚለውንም ሐሳብ አልደግፍም። ሊነክስም እ.ኤ.አ. በ1991 ሲጀምር ቁጥሩ 0.01 ነበር። አዲሱን ሳንፈራ እንቀበል፤ ነገር ግን ስንቀበል ኃላፊነቱን ማን እንደተሸከመ በስም እንጻፍ። ስም ያልተጻፈበት ዕዳ ሁልጊዜ የሚወድቀው ዘግይቶ በመጣው ባለሙያ ላይ ነው።