ሸክም የሚወርድበት ስፍራ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከመድረሱ አስቀድሞ፣ ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወጣው ነጋዴ በጀልዴሳ ያርፍ ነበር። በዚያም የግመሉ ጭነት ወርዶ ለአህያና ለበቅሎ ይተላለፍ ነበር። ግመሉ ስለ ሰነፈ አይደለም፤ ዳገቱ ሌላ ጫንቃ ስለሚያሻው ነው እንጂ።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ሐኪሞች በአእምሮ ሕክምና ይሠለጥናሉ። ጦርነትና ስደት ያቈሰለውን ሰው ነገር ዕለት ዕለት የሚሰማ ተማሪ፣ ያላየው እሳት ይለበልበዋል፤ እንቅልፉ ይሸሻል፤ ልቡም ይደነዝዛል። እንግዲህ መምህሩ የበሽተኛውን ነገር ብቻ ጠይቆ ቢያሰናብተው ሥራውን በግማሽ ትቶአል። የታማሚው ምሥጢር እንደ ተጠበቀ፣ «አንተስ ልጄ፣ የሰማኸው እንዴት አደረገህ?» ሊለው ይገባል። ድካሙን የገለጠውንም እንደ ሰነፍ አይቍጠረው።

ሙሴ ከጥዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ ዮቶር አይቶ ዝም አላለም፤ ሸክሙን ከሌሎች ጋር እንዲካፈል መከረው። ሙሴም ሰማው፤ ክብሩም አልጐደለበትም።

ስለዚህ የምንማር ብንሆን ድካማችንን ለመናገር አንፈር፤ የምናስተምርም ብንሆን ለታናናሾቻችን ሸክም ማውረጃ እንሁን። ለዚህም የደከሙትን ወደ ራሱ የጠራ አምላካችን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።