የማያምመው እብጠት

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው ርዕሳችን በየቤታችን በግልጽ የማይነገር ጉዳይ ነው፤ የጡት ካንሰር። አባቶችና ወንድሞች ሬዲዮውን አትዝጉት፤ ነገሩ እናንተንም ይመለከታል።

በአገራችን ሴቶችን ከሚያጠቁት የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው ይኸው ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ 2.3 ሚሊዮን ያህል ሴቶች በሽታው እንዳለባቸው ታውቋል፤ በዚያው ዓመት 670 ሺህ ያህሉ በዚሁ በሽታ ሕይወታቸው አልፏል። በጊዜ የደረሱበት ሲታከሙ ብዙዎቹ ይድናሉ። እኛ ዘንድ ግን አብዛኞቹ እህቶች ሐኪም ፊት የሚቀርቡት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው።

ለምን ይሆን? አንዱ ምክንያት ሕመም መጠበቃችን ነው። «ካላመመኝ ምን አስኬደኝ» እንላለን። የዚህ በሽታ ክፋቱ ግን በመጀመሪያው ጊዜ በአብዛኛው አለማመሙ ነው። እህታችን እንጀራ ትጋግራለች፣ ገበያ ወጥታ ትመለሳለች፣ እብጠቱ ግን ውስጥ ውስጡን ያድጋል።

ታዲያ የትኞቹን ምልክቶች እንወቅ? አንደኛ፣ በጡት ውስጥ ወይም በብብት ሥር ቀድሞ ያልነበረ፣ ብዙ ጊዜ ጠጠር ያለ እብጠት። ሁለተኛ፣ የአንዱ ጡት መጠን ወይም ቅርጽ ከወትሮው መለወጥ። ሦስተኛ፣ የጡት ቆዳ መሰርጎድ፣ መቅላት ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ መሆን። አራተኛ፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት፣ ወይም በዙሪያው የማይድን ሽፍታና ቁስል መውጣት። አምስተኛ፣ ከጡት ጫፍ ወተት ያልሆነ ፈሳሽ፣ በተለይም ደም መውጣት። የምታጠባ እናት ጡቷ ቀልቶ ሲያብጥና ሲያተኩሳት ብዙ ጊዜ ሌላ ሕመም ነው፤ ታክማ ካልተሻላት ግን ተመልሳ ትታይ። አብዛኛው የጡት እብጠት ካንሰር አይደለም፤ ይህን የሚለየው ግን ምርመራ እንጂ የጎረቤት ግምት አይደለም።

የራሷን ጡት የምታውቅ ሴት ለውጡን ቶሎ ትለያለች። ለዚህም የሚመች ቀን አላት። ከሐይድ ጠርታ ጉስል የምታደርግበት ጊዜ ጡት ለመዳሰስ የሚቀልበት ጊዜ ነው። አንድ እጇን ወደ ላይ አንስታ፣ በሌላው እጇ ሦስት ጣቶች ከብብቷ እስከ ደረቷ መሐል፣ ከአንገቷ አጥንት እስከ ጡቷ ሥር፣ ቀስ ብላ እያዞረች ትዳስስ። ሐይድ የቆመላት እናትና ነፍሰ ጡር ደግሞ በየወሩ አንድ ቀን ትምረጥ፤ አዲስ ጨረቃ የታየችበት ቀን ለማስታወስ ይቀላል። ይህ ግን የሐኪምን ምርመራ አይተካም።

ሁለተኛው ምክንያት ሐያእ ነው። ሐያእ የሙእሚን ጌጥ ነው፤ የሚከለክለው ግን ከሐራም እንጂ ከሕክምና አይደለም። ሴት ሐኪም ከተገኘች እሷ ትቀደማለች፤ ካልተገኘች ወንድ ሐኪም በሚያስፈልገው መጠን ቢያይ በዶሩራ የተፈቀደ መሆኑን ዑለማዎች ገልጸዋል። ባሏ ወይም እህቷ አብረዋት ይግቡ። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ሩፈይዳ አል-አስለሚያ ቁስለኞችን በድንኳናቸው ያክሙ ነበር፤ በኸንደቅ ጦርነት የቆሰሉት ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝም ወደዚያው ድንኳን ተወስደዋል።

ሩቅያና ዱዓ እናደርጋለን፤ ሁለቱም ሰበብ ከማድረስ አያግዱንም። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) እንድንታከም አዘውናል። ቅጠል ማሰርና በጋለ ብረት መተኮስ ግን ወራትን በከንቱ ይበላል። «ቢላ ከነካው ይበተናል» የሚባለውም እውነት አይደለም፤ በሽታው የሚስፋፋው ስንዘገይ ነው።

በየጁቤና በዙሪያዋ ያላችሁ እህቶች፣ ለውጥ ስታዩ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ንገሩ፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ካስፈለገ ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ትላካላችሁ። የጤና መድን ያላችሁ የሪፈር ወረቀታችሁን በየደረጃው ያዙ። በአልትራሳውንድ መታየት፣ በመርፌ ናሙና መስጠት ሊኖር ይችላል፤ አትፍሩት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዕቅድ፣ ሕመምተኛዋ ጤና ተቋም ከደረሰችበት ጊዜ ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ምርመራዋ ሊያልቅ ይገባል ይላል። የጨረር ሕክምና በአገራችን ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበር፤ ዛሬ እንደ ጅማ ባሉ ከተሞችም ተጀምሯል። ቀድማ የደረሰች እህት ሕክምናዋም ወጪዋም ይቀላል።

ወንድሜ ሆይ፣ ለመንገዱ የሚሆነው ገንዘብ በአብዛኛው ያለው በአንተ እጅ ነው። ሚስትህ «እብጠት አገኘሁ» ስትልህ «አጨዳው ይለፍ» አትበላት። ጡቷ በቀዶ ሕክምና ቢወጣም ያችው ሚስትህ፣ ያችው የልጆችህ እናት ናት። ፍቺ ፈርታ ሕመሟን የምትደብቅ ሴት በቤትህ አትኑር። እኛ ኢማሞችም ይህን በኹጥባችን ልናነሳው ይገባናል፤ ሰውነታችን የአላህ አማና ነውና።

አላህ (ሱ.ወ.) የታመሙትን ያሽርልን፣ ለሚያስታምሙት ሶብሩን ይስጥልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።